ለቤታ ዓሣ ጎረቤት መግዛት፦ ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕ ወይስ ሌላ ዓሣ?

ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሁሉም እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ለምነዋቸው ቤታ ዓሣ የገዙ ወዳጆቼ ናቸው። የሁሉም የዓሣ ማኖሪያ መስታወት (አኳሪየም) ባለ 5 ጋሎን ነው፣ 19 ሊትር ያህል። ጥያቄውም «ብቻውን ሲዞር ያሳዝናል፤ ምን እንጨምርለት?» የሚል ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል እየሰማን ስላደግን አዘኔታው ይገባኛል። እኔም በዚሁ አዘኔታ ተነሥቼ ብዙ ዶላር አፍስሻለሁ፤ ስለዚህ መልሴን ከነሒሳቡ እጽፈዋለሁ።

ለ5 ጋሎን የምመክረው አንድ ፍጥረት ብቻ ነው፦ ኔራይት የምትባለው ቀንድ አውጣ። ዋጋዋ 4 ዶላር ነው። ዓሣ መጨመር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መስታወቱን ይቀይር።

ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ ዓሣ ነው፤ ረግረግና የሩዝ ማሳ ውስጥ ይኖራል። ወንዱ የራሱን ወሰን ይዞ ይጠብቃል፤ ሁለት ወንዶች ሲገናኙ የተሸነፈው ሸሽቶ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። 19 ሊትር ውስጥ ግን መሸሻ የለም። «ታዲያ ሴት እናምጣለት?» ለምትሉኝም መልሱ ያው ነው። ሴቷ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ወንዱ ያሳድዳታል፣ ማምለጫ ካጣችም ይገድላታል።

እኔ የተሳሳትኩት በኒዮን ቴትራ ነው። አንዱ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ስድስቱ 15 ዶላር። ሻጩ «ቤታ አይነካቸውም» አለኝ። እውነትም ቤታው አልነካቸውም፤ የነኩት እነርሱ ናቸው። ኒዮን በመንጋ የሚኖር፣ ወዲያ ወዲህ ማለት የሚወድ ዓሣ ነው። ቦታ ሲጠበው እርስ በርሱ ይነካከሳል፤ አጠገቡ ቀስ እያለ የሚንሳፈፍ ረጅም ጅራት ካየም ወደዚያ ይዞራል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት መብራቱን ሳበራ የቤታው ጅራት ዘርፉ እንደተነጨ ነጠላ ሆኖ አገኘሁት። ከአንዱ ኒዮን አፍ ጥግ ደግሞ ክር የምታህል ቀይ ቁራጭ ተንጠልጥላ ነበር።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ኒዮኖቹ ከመደብሩ ነጭ ነጥብ የሚባለውን በሽታ ይዘው መጥተው ኖሮ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ጨው የተነሰነሰባቸው መሰሉ። መድኃኒቱን በ12 ዶላር ገዛሁ። በጠርሙሱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል መዳብ እንዳለበት ተጽፏል፤ አላነበብኩትም። መዳብ ቀንድ አውጣንም ሽሪምፕንም ይገድላል። ያኔ ከቤታው ጋር የነበረችው ቀንድ አውጣዬ በሦስተኛው ቀን ከመስታወቱ ወድቃ በጀርባዋ ተኝታ አገኘኋት። እንግዲህ 15 እና 12 እና 4፤ 31 ዶላር ወጥቶ ጅራቱ የተበላ ቤታ ብቻ ቀረኝ። ጅራቱ እስኪመለስ ሁለት ወር ፈጀ።

ከዚያ ሽሪምፕ ሞከርኩ። አሥር ቼሪ ሽሪምፕ፣ አንዱ በ3 ዶላር። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ቀሩ። ሽሪምፕ የማይነካ ቤታ አለ፤ ግን የእናንተው የትኛው እንደሆነ የምታውቁት ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ሣር ከሌለ አትግዙ። አማኖ የሚባለው ሽሪምፕ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ ለመዋጥ ያስቸግራል፤ አንዱ ግን 6 ዶላር ነው።

ጋፒ የሚባለውን ዓሣ ተዉት። የወንዱ ባለቀለም ጅራት ለቤታ ተቀናቃኝ ይመስለዋል፣ ሴቷም በየወሩ ገደማ ትወልዳለች። ወርቃማውን ዓሣ ከቤታ ጋር የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ ጥላችሁ ውጡ፤ እርሱ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፣ ቤታ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን በሐሰት ስም የሚሸጠው ነው። «አልጌ (መስታወቱን የሚያለብሰውን አረንጓዴ ነገር) የሚበላ» ተብሎ በ5 ዶላር የተሰጠኝ ጣት የምታህል ዓሣ የቻይናው አልጌ በል ሆኖ ተገኘ። ይህ ዓሣ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ሲያድግም አልጌውን ትቶ ሌሎች ዓሦች ገላ ላይ ተጣብቆ ልጋጋቸውን ይመጥጣል። የምፈልገው ኦቶሲንክለስ የሚባለው ትንሽ አልጌ በል ዓሣ ነበር፤ እርሱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። መልሼ ስወስደው መደብሩ ዓሣውን ተቀበለ፣ ገንዘቤን ግን አልመለሰልኝም። ሳይንሳዊ ስሙ ያልተጻፈበትን ዓሣ አሁን አልገዛም። ለነገሩ ኦቶሲንክለስም ቢሆን አልጌ በደንብ ያልያዘ አዲስ መስታወት ውስጥ በረሃብ ያልቃል።

አሁን ወደ ቀንድ አውጣዋ። የኔራይት ትልቁ ጥቅም አለመብዛቷ ነው፤ እንቁላሏ ጨው ያለበት ውሃ ካላገኘ አይፈለፈልም። ጉድለቷም እንቁላሉ ነው፤ ሰሊጥ የመሰሉ ነጭ ነጠብጣቦች መስታወቱና እንጨቱ ላይ ትለጥፋለች። ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ እፍቃቸዋለሁ። ሌላዋ፣ ሚስጥሪ የምትባለው ቀንድ አውጣ፣ ታምራለች፤ ዋጋዋም ያው ነው። ነገር ግን ረጅም ቀንዶቿ ትል ስለሚመስሉ ቤታው እየነከሰ ይጨርሳቸዋል። እርሷ 5 ሴንቲ ሜትር ስለምትደርስ ቆሻሻዋም ይበዛል። የኔራይት ቀንድ ቀጭን ነው፤ የእኔ ቤታ ሁለት ጊዜ ቀርቦ አይቷት ተዋት። አልጌው ሲያልቅ በሳምንት ሁለት ቀን ስስ የተቀቀለ ዝኩኒ እሰጣታለሁ፤ ያደረውን አወጣለሁ። ክዳን ግን ያስፈልጋል፤ እርሷ ትወጣለች፣ ቤታውም ይዘላል።

የግድ ዓሣ ካላችሁ ባለ 20 ጋሎኑን፣ ረጅሙን መስታወት ግዙ። 76 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው፣ 75 ሊትር ይይዛል። ትልልቆቹ መደብሮች በግማሽ ዋጋ የሚሸጡበትን ጊዜ ጠብቁ፤ እኔ በ30 ዶላር አግኝቻለሁ። ከዚያ ስድስት ድንክ ኮሪዶራስ በ36 ዶላር፣ ማሞቂያ 25፣ ማጣሪያ 30፣ አሸዋ 15። ድምሩ 136 ዶላር ነው። ኮሪዶራስ ምግቡን ከመሬት የሚለቅም ሰላማዊ ዓሣ ስለሆነ ከቤታ ጋር አይጋጭም። ጠጠር ግን ጢሙን ስለሚያቆስለው ለአሸዋው አትሰስቱ። ዓሦቹንም በዚያው ቀን አታስገቡ፤ ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያውን፣ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ከአሮጌው ማጣሪያ ስፖንጁን አውጥታችሁ አዲሱ ውስጥ ብትከቱት ያፋጥነዋል።

አሮጌ መስታወት በርካሽ አገኘን የምትሉኝ ደግሞ ይህን ስሙ። ከዚያ በፊት አንዱን በ20 ዶላር ገዝቼ ሌሊቱን በጥጉ ሲያንጠባጥብ አደረ፤ የወለሉ ምንጣፍ ራሰ። ለአኳሪየም የሚሆን ሲሊኮን 8 ዶላር፣ ምላጭ 3 ዶላር። የቆየውን ሲሊኮን ሙሉ በሙሉ ፍቆ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ አዲሱን ቀብቶ ለቀናት ማድረቅ ነው። ስለዚህ አሮጌው 31 ዶላር ደረሰ፤ አዲሱ 30 ነበር። ሲሊኮን ከገዛችሁ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን፣ ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበትን እንዳትነኩ፤ ለዓሣ መርዝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ሁሉንም ስለሚመለከት። አገር ቤት እንደለመድነው ውሃ በባልዲ ማሳደር ዓሣ የሚጎዳውን የቧንቧ ውሃ ማጽጃ፣ ክሎሪንን፣ ያስወግዳል። ዲሲ ውስጥ ግን አብዛኛውን ዓመት ቧንቧው የሚይዘው ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደበት ማጽጃ) ነው፤ እርሱ በአንድ ሌሊት አይተንም። 6 ዶላር የሚያወጣው የውሃ ማከሚያ ጠብታ ለ5 ጋሎን ዓመት ይበቃል።

ቀንድ አውጣዋን ስትመርጡ መስታወቱ ላይ ተጣብቃ የምትሄደውን አሳዩን በሉ። ከታች የተኛችውን አትቀበሉ፤ ሻጩ «ተኝታ ነው» ካላችሁ አውጥቶ እንድታሸቷት ጠይቁት። የሞተች ቀንድ አውጣ ሽታዋ ወዲያው ይታወቃል።