የባሕር ዛፍ ጣውላ፦ ስሙን ያጠፋው እርጥበቱ ነው

አልጋ ወይም በር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ባሕር ዛፍ ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል። «ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማር አይቀበልም» ብሎ ወደ ኤምዲኤፍ ወይም ወደ ዋንዛ ያዘነብላል። ቅሬታው እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የዛፉ ብቻ አይደለም። ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙው ጣውላ ከመጋዝ በወጣ በቀናት ውስጥ፣ ውኃው ሳይወጣለት የሚሸጥ ነው። የደን ምርት ዘርፉ ደን ያጠፋል ለሚለው ወቀሳ «ተክለን ነው የምንቆርጠው፣ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል» እያለ ቢያስረዳም፣ ሳሎን ውስጥ የማይገጥም በር ያለው ሰው አይሰማውም።

ከዕድሜው እንጀምር። ገበሬው ለአጠና ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ይቆርጣል፤ ለዚያ ሥራ ይበቃል። ለጣውላ ግን 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ቢቆይ ይመረጣል። በፍጥነት ያደገ ቀጭን ግንድ ውስጡ እንደ ተወጠረ ገመድ ነው፤ መጋዝ ሲገባበት ውጥረቱ ይለቀቅና ጣውላው ገና ከማሽኑ ሳይወርድ ይጎብጣል። ስለዚህ ሲገዙ መጀመሪያ ጫፉን ይዩ። የግንዱ እምብርት መሐሉ ላይ ካለ ይተዉት፤ ያ ጣውላ ዛሬ ባይሰነጠቅ ነገ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ቀጥ ማለቱን አንድ ዓይን ጨፍኖ በቁመቱ ማየት ነው።

ሁለተኛው ችግር የነጩ ባሕር ዛፍ (ግሎቡለስ) ነው። ደጋ ላይ የሚበዛው እሱ ሲሆን፣ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እርጥብ ጣውላው ሲደርቅ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊጠብ ይችላል። ቶሎ እንዲደርቅ ብለው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡትማ ውኃው በኃይል ስለሚሳብ የእንጨቱ ሕዋሳት ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ። በእጅ ሲዳሰስ ፊቱ ልክ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ሠርቷል። ማድረቂያ ክፍል ያላቸው ፋብሪካዎች ይህን ጣውላ 100 ዲግሪ ገደማ በሆነ እንፋሎት መልሰው ያቃኑታል፤ ሰፈር ያለ አናጢ ግን ያለው መላጊያ ብቻ ነው፣ ሲልገው ደግሞ 2.5 ሳንቲ የነበረው ውፍረት ወደ 1.8 ይወርዳል። ቀዩ (ካማልዱለንሲስ) ጠቆር ያለና ምስጥን በተሻለ የሚቋቋም ስለሆነ ለቋሚና ለደጅ ሥራ ይመረጣል።

ደረቅ ነው ያሉትን ማመን አያስፈልግም። ከጫፉ 30 ሳንቲ ገባ ብሎ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ጫፉ ራሱ ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። በኩሽና ሚዛን ይመዘናል፣ 103 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ይቆያል፣ እንደገና ይመዘናል። 150 ግራም የነበረው 120 ከሆነ፣ የጠፋው 30 ለ120 ሲካፈል እርጥበቱ 25 በመቶ ነው። ለአዲስ አበባ የቤት ውስጥ ዕቃ ከ10 እስከ 12 በመቶ መውረድ አለበት።

እርጥቡን ርካሽ ገዝቶ ራስ ማድረቅም ይቻላል፣ ትዕግሥት ካለ። ጫፎቹ በዕለቱ የዘይት ቀለም ይቀባሉ። ክምሩ ከመሬት 40 ሳንቲ ከፍ ብሎ፣ በየድርድሩ መካከል 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያላቸው ደረቅ መለያ እንጨቶች በየ40 ሳንቲው ይገባሉ። መለያዎቹ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ካልተደረደሩ ጣውላው በየክፍተቱ ይጎብጣል፤ ብዙ ክምር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ቆርቆሮና ድንጋይ፣ ከጎን ጥላና አየር። 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ እንደ አየሩ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ሚስማር አይቀበልም የሚባለውም ጠጣርነቱ ነው፤ ከሚስማሩ ትንሽ ቀጠን ባለ መብሻ ቀድሞ መብሳት ነው። ኮላ የሚቀባው ደግሞ በተላገ ዕለት ነው፤ ካደረ በደንብ አይይዝም።

ስለ ደኑ ስም ካነሳን፦ ክረምት ላይ ችግኝ ሲተከል የሚያጨበጭብ ሰው በጋ ላይ ግንድ የጫነ አይሱዙ ሲያይ «ደኑን ጨረሱት» ይላል። ያው ሰው ከየት እንደ ተቆረጠ ያልጠየቀውን የዝግባ ጠረጴዛ ሲገዛ ግን ቅር አይለውም። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግልና የማኅበረሰብ ደንን በግልጽ ያውቃል፤ ሻጮች ግንዱ ከየትኛው ወረዳ እንደ መጣና የማጓጓዣ ፈቃዱን ቢያሳዩ ግማሹ ጥርጣሬ ይረግፋል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል የሚለውንም መካድ አያዋጣም፤ ይጠጣል፣ ምንጭ አጠገብና የእርሻ ዳር መተከል የለበትም። ይህን ራሱ ዘርፉ ቢናገረው ይታመናል።

ለአጠና፣ ለማገር፣ ለአልጋ ርብራብና ለጠረጴዛ እግር ባሕር ዛፍን ያለ ማመንታት ይውሰዱ። ለጠረጴዛ ፊት ከ8 ሳንቲ በማይበልጥ ስፋት ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ በኮላ የተጋጠመ ከሆነ ብቻ። ለቁም ሣጥን ሰፊ መዝጊያ ግን አሁን ባለው አቅርቦት አይመከርም። ክምሩ ጫፍ ላይ ከመጋዝ የወጣበትን ቀን በጠመኔ የሚጽፍ ሻጭ ካገኙ አሥር በመቶ ቢጨምርብዎትም ይክፈሉት፤ በመላጊያ ከሚባክነው ያነሰ ነው።