የእማዬ ተቅማጥና የመድኃኒቷ ፌስታል

ለ5 ሳምንት እረፍት አገር ቤት ገብቼ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት እማዬን ይዤ ሐኪም ቤት ስመላለስ ነው። የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው ልጻፍ፤ በዕድሜ የገፋ ወላጅ ላለው ይጠቅማል።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ማስቀመጥ ከጀመራት 3 ወር አልፎታል፤ በስልክ ትንፍሽ አላለችም። ያወቅኩት ውሃ ስሰጣት ከንፈሯን ብቻ አርጥባ ስትመልስልኝ ነው። "ከጠጣሁ ያስሮጠኛል" አለችኝ። ሆዴ ተላወሰ።

በመጀመሪያው ክሊኒክ በጣም ቅር ብሎኛል። ሰገራ አዩ፣ አንቲባዮቲክ ጻፉ፣ በቃ። ካርዷን ሳገላብጥ እኔ ሳልመጣም ሁለቴ ታዞላታል። አንቲባዮቲክ እኮ ራሱ ያስቀምጣል፤ ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች ሲጠርግ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለው ጎጂ ባክቴሪያ ቦታ ያገኛል፣ እሱ ደግሞ አዛውንት ላይ ይከፋል። ሽንት ቤታቸውም ፎቅ ላይ ነው። ለተቅማጥ የመጣች አሮጊት ደረጃ ትውጣ?

ሁለተኛ ያየናት የውስጥ ደዌ ሐኪም ግን ትለያለች። ወረፋው 3 ሰዓት ፈጅቶብናል፣ ቢሆንም ደግሜ እሄዳለሁ። "እማማ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ራስዎ የገዙትንም፣ ይዘውልኝ ይምጡ" አለቻት። በማግስቱ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። ለስኳሯ ሜትፎርሚን፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ ለጉልበቷ ሕመም ዳይክሎፌናክ፣ እና ማንም ያላዘዘላት ማግኒዚየም ያለው የጨጓራ ሽሮፕ። ሽሮፑ ራሱ ያስቀምጣል። ሜትፎርሚን ደግሞ ለዓመታት ተስማምቶ ቆይቶ እንኳ አንድ ቀን ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ይህን ጭራሽ አላውቅም ነበር። ከዚያ መጋረጃ ስባ፣ አስፈቅዳት፣ ፊንጢጣዋን በጓንት መረመረቻት። ለካ የደረቀ ሰገራ ታች ተወትፎ ፈሳሹ በጎኑ ሲወጣ ተቅማጥ ይመስላል፤ ያኔ የተቅማጥ ማቆሚያ መስጠት ማባባስ ነው። እማዬ ጋ ይህ አልተገኘም። የታይሮይድ፣ የኩላሊትና የደም ማነስ ምርመራ ታዘዘ፣ ሰገራውም ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል እንዳለበት እንዲታይ ተላከ።

ሽሮፑ ቆመ። ሜትፎርሚኑ ቀስ ብሎ በሚለቀው ዓይነት ተቀየረ (ይህን ሐኪም ነው የሚወስነው፣ በራሳችሁ እንዳታቆሙ)። የፋርማሲው ልጅም ሊመሰገን ይገባዋል። የተቅማጥ ማቆሚያውን ሎፔራማይድ ስጠይቀው የሰገራው ውጤት ሳይመጣ፣ ደም ወይም ትኩሳት ካለም፣ አይሰጥም ብሎ መለሰኝ። የወጣውን ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት፣ ኦ አር ኤሱንም፣ ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ውሃ ልክ እንድበጠብጥ፣ ውሃውን እንዳላሳንስ አስረዳኝ።

በሁለት ሳምንቱ ሌሊት መነሳቷ ቀረ። ሐኪሟ ግን ኪሎ ስለቀነሰች ኮሎኖስኮፒውን (ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየቱን) አልተወችም። ደም፣ ክብደት መቀነስ ወይም የደም ማነስ ካለ ካንሰር መፈተሽ አለበት አለች። ወረቀቱ ላይም "አንጀቱ ጤነኛ ቢመስልም ናሙና ይወሰድ" ብላ ጻፈች፤ በአሮጊቶች ላይ የሚበዛ፣ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ የአንጀት መቆጣት አለ፣ እሱም በመድኃኒት ይታከማል።

የኮሎኖስኮፒው ክፍል ንጹሕ ነው፣ ነርሶቹ ትሑት ናቸው። የጎደላቸው አንድ ነገር፦ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ሲሰጡ ሌሊቱን አብሯት የሚያድር ሰው እንዳለ አልጠየቁም። እማዬ በዚያ ሌሊት ስትነሳ ሁለቴ አዙሯት ግድግዳ ይዛ ቆማለች፤ እኔ ባልኖር ትወድቅ ነበር። ቀጠሮ ስትይዙ አዳሪ ሰው አብራችሁ ያዙ።