ክሮስ ካንትሪ ወይስ ዳውንሂል?

ሁለቱም የተራራ ብስክሌት ውድድር ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ክሮስ ካንትሪ ዳገትና ቁልቁለት ባለው መንገድ ዙር እየደጋገሙ የሚወዳደሩበት ነው፤ ዳውንሂል ደግሞ ከተራራ አናት ቁልቁል የሚወርዱበት።

ወጪ፦ ለክሮስ ካንትሪ ቀለል ያለ ብስክሌትና ሄልሜት ካለ መጀመር ይቻላል። ዳውንሂል ከባድ ብስክሌት፣ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ በዚያ ላይ ተራራው አናት የሚያደርስ መኪና ይፈልጋል።

አደጋ፦ መውደቅ ከሁለቱም አይጠፋም፤ ዳውንሂል ይብሳል።

ለተመልካች፦ የዳውንሂሉ ሽው ብሎ ያልፋል፣ አለቀ። በክሮስ ካንትሪ ዙሩ አጭር ስለሆነ ያንኑ ብስክሌተኛ ደጋግመው ያዩታል፤ ውድድሩም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ጎማው ተንፍሶበት ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ በመጨረሻው ዙር ወርቁን ነጥቋል። (እኔ ልቤ ወደዚህ ያደላል።)

ዕድገት፦ ክሮስ ካንትሪ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው፤ ዳውንሂል አልገባም።

እንጦጦን ሽቅብ ለለመደ እግር ክሮስ ካንትሪ ይስማማል። ቁልቁለት ለሚጥመውና ኪሱ ለሚችል ደግሞ ዳውንሂል።