ሁለቱን ባንድ በአንድ ሪሲቨር ላስገቡልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ሲ ባንድና ኬዩ ባንድ የሚባሉትን ሁለት የሳተላይት ሞገድ ዓይነቶች በአንድ ሪሲቨር አስማምተው ቤታችንን ከብዙ ንዝንዝ የገላገሉንን የዲሽ ባለሙያ በይፋ ማመስገን እወዳለሁ። አባቴ የሚከታተሏቸው ጣቢያዎች በትልቁ ዲሽ በሲ ባንድ፣ ልጆቹ የሚወዷቸው ደግሞ በትንሹ ዲሽ በኬዩ ባንድ የሚገቡ ናቸው፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው እየጠፋ ቤቱ ሰላም አጥቶ ከርሟል።

ከእርሳቸው በፊት የመጡት ሠራተኞች ያደረጉብን ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። አንዱ ደህና ይሠራ የነበረውን ዲሽ አዙሮ፣ የነበረንንም አሳጥቶን፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሌላው ጣሪያ ላይ እንኳ ሳይወጣ «ሪሲቨሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» አለን፤ ቆይተን ብንደውልለት ስልኩን ማንሳት ተወ።

እኚህ ባለሙያ ግን አንድም ዕቃ ሳይነካኩ በፊት አባቴ አጠገብ ተቀምጠው የትኞቹን ጣቢያዎች እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው፤ ከዚያም ገመዱን ከዲሾቹ እስከ ሪሲቨሩ ድረስ እየተከተሉ መረመሩ። የሁለቱን ዲሾች ገመድ የሚያገናኘው ስዊች ውኃ ገብቶበት ዝጎ ነበር፤ ሪሲቨሩም ምንም አልሆነም፣ ለሁለቱም ባንድ አንድ ዓይነት የኤልኤንቢ (በዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ) ቁጥር ተሞልቶበት ነው እንጂ። ስዊቹን ቀይረው ለሲ ባንድ 5150፣ ለኬዩ ባንድ 9750 እና 10600 ሞሉ። የቁጥሮቹ ምሥጢር ለእኔ ግልጽ ባይሆንም ሁለቱም ሲግናሎች ወዲያው ከፍ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ። የሲ ባንድ ሞገድ ረጅም በመሆኑ ትልቅ ዲሽ እንደሚፈልግ፣ ኬዩ ባንድ ደግሞ በትንሽ ዲሽ ቢገባም ከባድ ዝናብ ሲጥል ሊቆራረጥ እንደሚችል፣ ያን ጊዜም ዲሹን ማንም እንዳይነካው አስረዱን። ይህን ቀደም ብሎ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሠራተኛ ፍለጋ ባልተንከራተትን።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን ሥራቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ያደረጉት ነው። ወረቀት ጠይቀው ቁጥሮቹን፣ የትኛው ዲሽ በየትኛው የስዊች ቀዳዳ እንደገባም ጭምር፣ ለአባቴ ዓይን እንዲመች በትልልቅ ፊደል ጽፈው ከቴሌቪዥኑ ጎን ለጠፉልን። «ነገ ሪሲቨሩ የተሞላው ቢጠፋበት እኔን ሳትጠሩ ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ» አሉን። ዳግመኛ ተጠርተው ሊከፈላቸው ይችል የነበረውን ሥራ እንዲህ በነጻ አስተምሮ መሄድ ትልቅ ሰውነት ነው፤ አባቴም ከልባቸው መርቀዋቸዋል።

ሁለት ባንድ ለማስገባት ያሰባችሁ፣ በተለይም እንደ እኛ አዲስ ሪሲቨር ግዙ የተባላችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እኚህን ሰው አስጠሩ። አድራሻቸውን ለሚፈልግ ሁሉ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ እርሳቸውን አስጠሩ።