«የጋራ» ተብሎ ለባለትዳሮች የሚሸጠው አፕ፦ ሀዋሳ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ሀዋሳ ላላችሁ ባለትዳሮች፣ ለሠርግ እየተዘጋጃችሁ ላላችሁም ጭምር። ሰሞኑን ከፒያሳ እስከ አቶቴ ጃንጥላ ተክለው «የባልና ሚስት የጋራ ዋሌት» (በስልክ ብር የሚቀመጥበት ቦርሳ) እያሉ አፕ የሚጭኑ ልጆች አሉ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰዋል፣ ትሁት ናቸው፣ እስክሪብቶ በነፃ ይሰጣሉ። እስክሪብቶውን ውሰዱ፣ ብር ግን እንዳታስገቡ። ቀድማችሁ ያስገባችሁ ካላችሁ መጨረሻ ላይ የጻፍኩትን ከሁሉ በፊት አንብቡ።

የአፑን ስም አልጠራም። ስም መቀየር ለእነሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። አሠራሩን ካወቃችሁት በሌላ ስም ሲመጣም ትለዩታላችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል፣ ባለቤቱ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ትሠራለች። ሁለቱም ከሚያገኙት እየቆረጡ አፑ ላይ 40,000 ብር አደረሱ። ታዲያ ወንድሜ ለሥራ ዲላ ሄዶ ስልኩ ጠፋበት። በዚያው ሳምንት የልጃቸው የትምህርት ቤት ምዝገባ ደረሰ። ሚስቱ በራሷ ስልክ አፑን ከፈተች። ብሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ወጪ» የሚለውን ስትነካ «ጥያቄዎ ለዋናው አባል ተልኳል» አላት። ዋናው አባል ባሏ ነው። ጥያቄው የተላከው ወደ ጠፋው ስልክ ነው። እሷ ደግሞ ከስሟ ሥር በትናንሽ ፊደል «ተጋባዥ አባል» ተብላለች። በገዛ ደመወዟ ተጋባዥ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ቢሮ ተብሎ የተሰጣቸው ቁጥር አይነሳም። የመዘገባቸው ልጅ በቴሌግራም «እህቴ፣ ሲስተም ነው፣ ትንሽ ታገሺ» አላት። እዚህ አገር ሲስተም የማይሸከመው ጥፋት የለም መቼም። ወንድሜ ሲሙን አስወጥቶ ተመለሰ፤ አፑ ግን አዲሱን ስልክ «አላውቀውም» ብሎ እንደገና አስጠበቃቸው። ብሩ በመጨረሻ ወጣ። ከላዩ ላይ 3 በመቶ «የመውጫ» ተብሎ 1,200 ብር ተቆርጧል። ምዝገባው በቅጣት ተከፈለ።

ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ ስልኩን አምጥተው «እስኪ እይልን» አሉኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ፈለግሁ። ከባንክ አፕ ስትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል አይደል? የእነሱ ደረሰኝ ላይ ያለው ስም የድርጅት አይደለም፣ የአንድ ግለሰብ ስም ነው። ስንት ባልና ሚስት ያጠራቀመው ብር በአንድ ሰው የባንክ ደብተር ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ያ ሰው ቢሞት፣ ቢከሰስ ወይም ቢጠፋ ማንን ትይዛላችሁ? እቁብ እንኳ ዳኛ አለው፣ ዋስ አለው።

ፈቃድ አላቸው ወይ ስላቸው ወንድሜ ፎቶ አሳየኝ። እውነትም ማህተም ያለበት ወረቀት ነው። ግን የንግድ ፈቃድ ነው፣ የሥራ ዘርፉም ሶፍትዌር ማበልጸግ ይላል። ሶፍትዌር መሥራት ሌላ፣ የሰው ገንዘብ መያዝ ሌላ። ገንዘብ ለመያዝ ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው። ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚያስችለው መመሪያ በ2012 ወጥቷል። ቴሌብር በ2013፣ ኤምፔሳ በ2015 ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «የንግድ ፈቃድ አለን» ሲሏችሁ «የብሔራዊ ባንኩስ?» በሉ። ወንድሜን የመዘገበውን ልጅ ይህን ብጠይቀው «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። በሂደት ላይ ያለ ፈቃድ ፈቃድ አይደለም።

ክፍያውም ሌላ ጉድ ነው። ሦስት ወር ነፃ፣ ከዚያ በየወሩ ከእያንዳንዳቸው 150 ብር ሳይጠየቁ ይቆረጣል። ሁለቱ ተደምሮ በዓመት 3,600 ብር ነው። ወለድ የሚባል ነገር የለም። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በ2010 ወደ 7 በመቶ አሳድጎታል። በዚያ ስሌት 40,000 ብር ባንክ ዓመት ቢቀመጥ ግብር ሳይቀነስ 2,800 ብር ይወልድ ነበር። እዚህ ግን ብር አስቀማጩ ነው ከፋዩ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አፑ የመጣው ከፕሌይ ስቶር አይደለም፣ በቴሌግራም በተላከ ኤፒኬ ፋይል (አፕን በቀጥታ ስልክ ላይ የሚጭን ፋይል) ነው። ሲጫን ደግሞ የስልኩን አጭር መልእክቶች ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ወጪያችሁን ከባንክ መልእክት አንብቦ እንዲደምርላችሁ» ነው። ባንካችሁ የማረጋገጫ ኮድ የሚልክላችሁ በምን ይመስላችኋል? በዚያው መልእክት። ሰረቁ አላልኩም። ግን የቤታችሁን ቁልፍ ለማታውቁት ሰው ሰጥታችሁ ማደር ነው።

አንዳንዱ «ውጭ አገር እኮ የተለመደ ነው» ይላል። ልክ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ሞንዞና ስታርሊንግ በስልክ የጋራ ሂሳብ ይከፍታሉ። ነገር ግን ሁለቱም ፈቃድ ያላቸው ባንኮች ናቸው። ባልም ሚስትም የየራሳቸው ካርድና መግቢያ አላቸው፣ ማንም ተጋባዥ አይደለም። አሜሪካ ያለው ሃኒዱ የተባለው የጥንዶች አፕም ዋና ሥራው ሁለቱ ባንክ ያላቸውን ሂሳብ አንድ ላይ ማሳየት ነው።

ሚስቲቱ «ሕግ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘ ሀብት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ችግሩ ፍርድ ቤት የሚያውቀውን አፑ አያውቀውም፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ደግሞ ክርክር አይጠብቅም።

ታዲያ ምን ይሻላል? አሰልቺ ቢሆንም ባንክ ሄዶ የጋራ ሂሳብ መክፈት። ሁለታችሁም ፋይዳችሁን ይዛችሁ በአካል ትሄዳላችሁ። ባንክና ማይክሮፋይናንስ ውስጥ ያለ ገንዘብ ቢያንስ የአስቀማጮች መድን ፈንድ አለው፤ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ቅጹ ላይ ገንዘቡ በጣምራ ፊርማ ይውጣ ወይስ በተናጠል የሚል ምርጫ አለ፣ በጥድፊያ አትለፉት። እኔን ከጠየቃችሁኝ የቤት መሥሪያ ወይም የቀብድ ገንዘብ በጣምራ ይሁን፣ የወር አስቤዛ ግን በተናጠል። አንዱ ሲታመም ወይም መንገድ ላይ ሲሆን ሌላው ዘይት መግዛት አለበት። ከመፈረማችሁ በፊት ሞባይል ባንኪንጉ በማን ቁጥር እንደሚከፈት፣ ገንዘብ ሲወጣ መልእክቱ ለሁለታችሁም ይደርስ እንደሆነ፣ ከሁለት አንዳችሁ ብትሞቱ ሌላው ምን ይዞ እንደሚመጣ ጠይቁ። ሦስተኛውን ለመጠየቅ ሰው ያፍራል። ይጠየቅ። ቴሌብርና ኤምፔሳ ለዕለት ወጪ ጥሩ ናቸው፤ ግን በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ላይ የሚከፈቱ ስለሆኑ የጋራ ማጠራቀሚያ አድርጋችሁ አትቁጠሯቸው።

አሁን አፑ ላይ ብር ላላችሁ። ዛሬ ተጨማሪ አታስገቡ። «ዋና አባል» የተባለው ሰው ስልክ በእጁ እያለ፣ ሁለታችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ ጠቅላላውን አውጡ፤ 3 በመቶው ያናድዳል፣ ቢሆንም አውጡ። ከማውጣታችሁ በፊት ቀሪ ሂሳቡን፣ የውል ገጹንና ከመዝጋቢው ጋር የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንሱ። ብሩ እንደወጣ የመልእክት ማንበቢያ ፈቃዱን ዝጉና አፑን አጥፉት፤ ከዚያ የባንክ ፒናችሁን ቀይሩ። ብሩ አይወጣም ካሏችሁ ደግሞ ክርክር ውስጥ ሳትገቡ ለፖሊስ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ብሩን ለላካችሁበት ባንክ ቅርንጫፍም አሳውቁ። የላካችሁበትን ደረሰኝ ግን ከስልካችሁ እንዳታጠፉት፤ የተቀባዩ ሙሉ ስም ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው።