እናቴን በፊልም ፌስቲቫሉ ላስተናገደልን ልጅ

ቶሮንቶ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የቶሮንቶ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል እንደ ሁልጊዜው ከእንቁጣጣሽ ጋር ሊገጥም ነው። ሳይደርስ አንድ ሰው ላመስግን። ብርቱካናማ ቲሸርት ከሚለብሱት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነው።

እማዬን ሲኒማ መውሰድ እርግፍ አድርጌ ትቼ ነበር። አንድ ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የምትቀመጥበት ስጡን ብል «ተራችሁን ጠብቁ» አሉን። ያን ሁሉ ደረጃ እያቃሰተች ወጣች። ፊልሙ ሲጀመር እንደ ልማዷ «አዬ ልጄን!» አለች። አስተናጋጇ መጥታ ባትሪ ፊቷ ላይ አበራችባት። እናት ፊት ላይ ባትሪ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የዳይሬክተር አለምወርቅ ዳቪድያን «ፊግ ትሪ» እዚህ ፌስቲቫሉ ላይ ሊታይ ነው ተባለ። ፊልሙ በአማርኛ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው አዲስ አበባ ስለምትኖር ሚና ስለምትባል የ16 ዓመት ቤተ እስራኤላዊት ነው። ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ሊሄድ ነው። የምትወደው ኤሊ ግን ክርስቲያን ነው፤ ከአፈሳ ተደብቆ ይኖራል። እማዬ ይህን ሰምታ እቤት አልቀመጥም አለች።

ልጁ ሰልፉ ላይ ስታነክስ አያት። እኔ ሳልናገር ወንበር አመጣላት፤ በሩ ሲከፈትም ቀድማ ገባች። ይሄ እንኳ ደንባቸው ይሆናል። እኔን የገረመኝ በኋላ የሆነው ነው።

የእማዬ ታናሽ ወንድም በአፈሳ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል። እቤታችን ስለሱ አይወራም። ኤሊ በታየ ቁጥር ክንዴን ጭምቅ ታደርገው ነበር። መብራቱ ሲበራ መነሳት አቃታት። ሰው ወጥቶ አለቀ፤ ለሚቀጥለው ፊልም አዳራሹን ማጽዳት ጀመሩ። ልጁ ወደኛ ሲመጣ፣ ውጡ ሊለን ነው ብዬ ለጠብ ተዘጋጀሁ። እሱ ተንበርክኮ ውሃ ሰጣት። «ማንም አያስቸኩላችሁም» አለኝ።

እማዬ እጁን ይዛ ታወራው ጀመር። በአማርኛ! ስለ ወንድሟ፣ ስለ ሰፈራቸው፣ ወንድሟ ለብሶት ስለነበረው ሹራብ። ልጁ አንድ ቃል አይገባውም። ግን እስክትጨርስ ዓይን ዓይኗን እያየ አዳመጣት። እኔ ልጇ የሹራቡን ነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በሊፍት አወረዳት፤ መኪና እስካመጣ አብሯት ቆመ። ግንባሩን ስማ መረቀችው። ይባረክ! ያሳደገችውም ትባረክ!

ፊልሙ በዚያው ፌስቲቫል ለሴት ዳይሬክተር የተሰጠውን የኦዴንሺያ ሽልማት ወስዷል። እማዬ ግን ሚናን «እልኸኛ ናት» ብላታለች፤ አያቷን ነው የወደደችው።

እናቶቻችሁን ውሰዱ። ጉልበት ያማታል፣ ጆሮዋ ይደክማል ብላችሁ አታስቀሯት። ቀደም ብላችሁ ድረሱና በሩ ላይ ለብርቱካናማዎቹ ንገሯቸው። ከፊልሙ በፊት ለነሱ ሲጨበጨብ እናንተም እጃችሁ እስኪቀላ አጨብጭቡላቸው። ቲኬት ቶሎ ስለሚያልቅ አሁኑኑ ተነጋገሩበት።