«ብርድ ይችላል» ተብሎ ስለተሸጠልኝ ሃይድራንጂያ

ውርጭ በሚበረታበት ቦታ ሃይድራንጂያ የተባለውን የአበባ ቁጥቋጦ ለመትከል ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ንዴቱ ገና ከውስጤ አልወጣም፤ ሌላ ሰው በዚሁ መንገድ ከመታለሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ልጽፈው ወሰንኩ።

የሻጮቹን ልማድ ታውቁታላችሁ። በግሪን ሃውስ ሙቀት ተገፋፍቶ ያበበውን፣ ድቡልቡል ሰማያዊ አበባ የተሸከመውን ችግኝ በር ላይ ደርድረው «ብርድ ይችላል፤ በየዓመቱ ያብባል» የሚል ካርድ ይሰኩበታል። እኔ የገዛሁትም ማክሮፊላ የሚባለውን፣ ቅጠለ ሰፊውን ዝርያ ነው። ሻጩ «አይስጉ፣ ይውሰዱት፤ በረዶ ምንም አያደርገውም» ብሎ በእጁ አሸክሞኝ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ግንዱን ከመሬት አስጠግቼ እንድቆርጥ የሚያዝ የእንክብካቤ ወረቀት ጨመረልኝ። እንደታዘዝኩት አደረግኩ። በጸደይ ከሥሩ ለምለም ቅጠል አወጣ፤ አበባ ግን አልታየበትም። በሚቀጥለው ዓመት ሳልቆርጠው ብተወውም ያው ሆነ።

በመጨረሻ ከደረቁት ግንዶች አንዱን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ያው ሻጭ ተቀብሎኝ ጫፉ ላይ ያለውን እንቡጥ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሰነጠቀው፤ ውስጡ ጠቁሮና ደርቆ ስለነበር እንደ ትንባሆ ብናኝ ባንኮኒው ላይ ተበተነ። «ውርጭ መትቶታል» አለ። «ይህ ዝርያ የሚመጣውን ዓመት እንቡጥ የሚቋጥረው ዘንድሮ፣ ሙቀቱ ሳያልቅ ነው። እዚህ ብርድ ላይ እንቡጡ አይተርፍም፤ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው።» ይህን ሁሉ እያወቀ ነበር የሸጠልኝ። ገንዘቤን እንዲመልስ ስጠይቀው ደረሰኙን ገልብጦ ዋስትናው ለሞተ ተክል ብቻ እንደሆነ የሚገልጸውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝና «ቅጠል አለው አይደል? አልሞተማ! ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» አለኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ከኋላዬ የቆመች ሴት ያንኑ ሰማያዊ ችግኝ እያሳየች «ብርድ ይችላል?» ብላ ስትጠይቀው፣ ዓይኑን ሳያሽ «አዎን፣ ይችላል» አላት። ነገሩን ነግሬያት ችግኙን አስቀምጣ ወጣች።

ካርዱ የሚያታልለው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው። አፈር ውስጥ ያለው ሥር ከባድ ብርድ ችሎ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሆኖም ማክሮፊላ በአብዛኛው የሚያብበው ባለፈው ዓመት ግንድ ላይ በተቋጠረ እንቡጥ ስለሆነ፣ ግንዱ በውርጭ ከደረቀ ወይም ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ከተቆረጠ የዓመቱ አበባ አብሮ ይሄዳል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስበት ቦታ ያለ መከለያ የሚተርፍ እንቡጥ እምብዛም አይገኝም፤ ከብርዱ ያመለጠውንም ዘግይቶ የሚመጣ የጸደይ ውርጭ ሊፈጀው ይችላል። ሻጩ መውጫዬ ላይ ሊያስይዘኝ የሞከረው ፎስፈረስ የበዛበት «የአበባ ማዳበሪያም» የሞተ እንቡጥ አያስነሳም፤ እንዲያውም ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ያለውን አሉሚኒየም ስለሚይዘው፣ ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር ተክሉ እንዳያገኝ ያደርጋል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ካርዱ ላይ የዝርያውን ሙሉ ስም ፈልጉ፤ ስም ከሌለው ተዉት። ፓኒኩላታና አርቦረሰንስ የተባሉት ዝርያዎች በዚያው ዓመት በሚያወጡት አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ያብባሉ፤ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ገደማ ብርድም ይችላሉ። ሰማያዊ ግን አይሆኑም፤ ይሆናሉ የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። ማክሮፊላውን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ግንዱን አትቁረጡት፤ ብርዱ ከመጥናቱ በፊት ዙሪያውን በሽቦ አጥራችሁ እስከ ጫፉ ድረስ ደረቅ ቅጠል ሙሉበት፣ የጸደዩም ውርጭ ማለፉን ሳታረጋግጡ አትግለጡት።